ጋሽ አንለይ ወደ ወንዙ ሲያዩ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሞጣ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው ጎሚስታ የጭነት መኪና ቸርኬ አስፋልት ዳር አጋድሞ በፌሮ ብረት ሲቀጠቅጠው፣ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ብድግ አልኩ። ለምን እንደተነሣሁ የገባኝ ከቆምኩ በኋላ ነው፤ ሰልፍ ልይዝ ነበር። ዕድሜዬ ሃምሳን አልፎ፣ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር በሚያጉረመርምበት በዚህ ጊዜ፣ እግሬ ልጅ ሆኜ የተማርኩበትን የቢቸናን ትምህርት ቤት ደወል አልረሳም።

ስጽፍ የነበረው የልጆች ልብ ወለድ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ «ሽማግሌው ደግ ሰው ነበሩ» በምትል አንዲት መስመር ላይ ተገትሬ ነበር። ደግ ናቸው ብዬ ብጽፍም ሽማግሌው ወረቀቱ ላይ አልተነፈሱም።

የእኛም ደወል ቸርኬ ነበር፤ ግቢው በር አጠገብ ካለው ባሕር ዛፍ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ፣ ሲዘንብ የዛገ ውኃ የሚያንጠባጥብ። የሚመቱት ዘበኛው ጋሽ አንለይ ነበሩ፤ ካፖርታቸው ቁርጭምጭሚታቸው የሚደርስ፣ ድምፃቸው ከደወሉ የማይተናነስ፣ አርጩሜ ከእጃቸው የማይለይ። በአርጩሜው ልጅ ሲመቱ አይቼ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን ይህን ልብ ያለው የለም። በሌሉበት «አባ ቸርኬ» እንላቸዋለን፤ ክፋታቸውንም ማንም አይጠራጠርም። በትምህርት ቤቱ ሕግ ከደወል በኋላ የመጣ ልጅ ወላጁን ሊያመጣ ይመለሳል፤ ከወንዝ ማዶ ለሚመጡት ልጆች ደግሞ መመለስ ማለት የቀኑ ትምህርት ቀረ ማለት ነው።

አምስተኛ ክፍል ያስተማሩን የአማርኛ መምህርት የሞጣ ሰው ነበሩ። ዓርብ ዓርብ አንድ የልጆች ልብ ወለድ ያነቡልናል፤ ቶሎ እንዳያልቅባቸው የሚሳሱ ይመስል ቀስ እያሉ። አንድ ቀን መሐል ላይ ዘጉትና፣ ታሪኩ ውስጥ ያለው ባለሱቅ ክፉ መሆኑን በምን እንዳወቅን ጠየቁን፤ ደራሲው አንድም ቦታ ክፉ ነው አላለምና። በመጨረሻ አንዱ ልጅ፣ ስኳር ሲመዝን አውራ ጣቱን ሚዛኑ ላይ ያሳርፋል ሲል መምህርቷ ፊታቸው በራ። ለቤት ሥራም ስለምናውቀው አንድ ሰው እንድንጽፍ አዘዙን፤ «ደግ» ወይም «ክፉ» የሚል ቃል ሳናስገባ፣ ያየነውን ብቻ።

እኔ ጋሽ አንለይን መረጥኩ። በሰው ፊት «የሙሽራ እርምጃ ነው እንዴ የምትራመጂው!» ብለው ስለጮኹብኝ ቂም ይዤባቸው ነበር። እንዲህም ጻፍኩ፦ «ጋሽ አንለይ ጠዋት ፌሮውን ያነሣሉ። አይመቱም። ወደ ወንዙ ያያሉ። የማዶ ልጆች ድልድዩን ተሻግረው፣ ሮጠው በሩን ሲያልፉ ይመታሉ። ከዚያ ይጮኹባቸዋል።» በእኔ ቤት፣ የሚጮኹበት ልጅ እንዳያመልጣቸው ማድፈጣቸውን መመስከሬ ነበር።

መምህርቷ ጽሑፌን ለክፍሉ ያነበቡት ዳይሬክተሩ ትምህርቱን ሊታዘቡ ኋላ ወንበር በተቀመጡበት ቀን ነው። ሲጨርሱ «ልጆች፣ ደወሉን በሰዓቱ ቢመቱት ኖሮ የማዶ ልጆች ዛሬ የት ነበሩ?» አሉ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ዳይሬክተሩ መኖራቸው ለመምህርቷ ትዝ ያላቸው ከተናገሩ በኋላ ነው፤ ፊታቸው ተለዋወጠ። አጠገቤ የምትቀመጠው የማዶዋ ብርቄ አንገቷን ደፋች። ዳይሬክተሩ ማስታወሻቸውን አጥፈው ወጡ። ያኔ ነው የገባኝ፤ የጋሽ አንለይን ክፋት ላጋልጥ ብዬ ደግነታቸውን አጋለጥኩባቸው። ሰዓት የማያከብር ዘበኛ ሥራው ላይ ማን ያቆየዋል? በእሳቸው ደመወዝ የሚያድሩ ስድስት ልጆች ነበሯቸው።

በማግስቱ ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። «ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ በሰዓቱ ይምቱት። ዳይሬክተሩ አውቀዋል። የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው፤ እንባዬ ቀድሞኝ ነበር። ቁልቁል አዩኝና «ዛሬስ ቀድመሽ መጣሽ፤ በይ ግቢ» ብቻ አሉኝ።

አልገባሁም፤ ባሕር ዛፉ ሥር ቆምኩ። ሰዓቱ ሲደርስ ፌሮውን አነሡ፤ አልመቱም፤ ወደ ወንዙ አዩ። ዳይሬክተሩ ከቢሯቸው ወጥተው አጠገባቸው ቆሙ። የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፤ ጋሽ አንለይን አዩ። ከዚያ የኮታቸውን እጅጌ ስበው ሰዓቱን ሸፈኑትና እሳቸውም ወደ ወንዙ ዞሩ። ብርቄ ጫማዋን በእጇ ይዛ ድልድዩን ተሻገረች፣ ዳገቱን ወጣች፣ በሩን አለፈች። ደወሉ ጮኸ፤ ተከትሎም «የሙሽራ እርምጃ ነው እንዴ!» የሚለው ድምፅ። እፎይ ብዬ ግንዱን ተደገፍኩ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አስጨንቆኝ አልፎልኛል፣ እንደዚያ ጠዋት የቀለለኝ ግን የለም።

አምና ለለቅሶ ቢቸና ሄጄ በትምህርት ቤቱ በኩል አለፍኩ። ጋሽ አንለይ ካረፉ ቆይተዋል፤ ባሕር ዛፉ ተቆርጧል፤ ብርቄ የት እንደደረሰች የሚነግረኝ አላገኘሁም። ደወሉ የኤሌክትሪክ ሆኗል፤ መብራት ካለ ደቂቃ ሳያዛንፍ ይጮኻል። ሲጮኽ ዓይኔ ሳላዘው ወደ ወንዙ ሄደ። ሁለት ልጆች ቦርሳቸው ጀርባቸው ላይ እየዘለለ ይሮጣሉ፤ ድልድዩ ጋ ገና አልደረሱም።

ጎሚስታው ቸርኬውን መምታት ሲያቆም ተመልሼ ተቀመጥኩ። «ደግ ሰው ነበሩ» የሚለውን ሰረዝኩና «ሽማግሌው ፌሮውን አነሡ፤ ወደ ወንዙም አዩ» ብዬ ጻፍኩ። ከሦስት ቀን ትግል በኋላ ሽማግሌው ተነፈሱልኝ። አምና ያየኋቸው እነዚያ ሁለት ልጆችም በልብ ወለዴ ውስጥ በሩን እስኪያልፉ ድረስ ደወሉን አላስመታም።