የተረገጡት አጎበሮች

ማክሰኞ ጠዋት፣ መሐል ሜዳ

ራቤል የምሄደው አጎበር ልቆጥር ነው። ከሦስት ወር በፊት፣ በገበያ ቀን፣ ከራቤል በታች ከገደል ሥር ላለች አንዲት መንደር በመድኃኒት የተነከሩ አርባ አጎበሮች አድለን ነበር። አሁን ቤት ለቤት ዞሬ ቅጽ መሙላት አለብኝ። ቅጹ የሚጠይቀው «ተሰቅሏል» ወይስ «አልተሰቀለም» ብቻ ነው። በጤና ሥራ ሃያ ዓመት ለቆየና ጉልበቱ ለሚያመው ሰው ይህ ሁሉ መንገድ ለአንዲት ምልክት መሆኑ ያናድዳል።

አውቶቡስ ስላልነበረ እህል የጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፈርኩ። ጋቢና አሥራ አምስት ብር፣ ከላይ አሥር ብር ነው። ጋቢናው ሞልቶ ስለነበር ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ጉሙ ጢሜን አረጠበው። ግማሽ መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳና ጎማው እስኪቀየር ንፋስ ላይ ቆመን ዋልን። ራቤል የደረስነው አሥር ሰዓት ላይ ነው። በአራት ብር ሽሮ በገብስ እንጀራ በልቼ ተኛሁ።

ረቡዕ፣ ከገደሉ ሥር

እስከ መንደሯ ሁለት ሰዓት ቁልቁለት ነው። እዚህ ቁንጭር የሚሉት በሽታ አይገድልም። ፊት ላይ ይወጣል፣ ወር ከዓመት ይቆስላል፣ ሲሽር ጠባሳ ትቶ ይሄዳል። የሚያመጣው ሲመሽ ከሽኮኮ ዋሻ የምትወጣ፣ ድምፅ የሌላት የአሸዋ ዝንብ ናት። ከማነሷ የተነሳ በአጎበር ቀዳዳ ታልፋለች። የሚገድላት ጨርቁ ሳይሆን የተነከረበት መድኃኒት ነው።

መጀመሪያ የገባሁት ወይዘሮ አስካለ ቤት ነው። ባልቴት ናቸው፤ የበግ ጠጉር ፈትለው ይተዳደራሉ። ትልቋ ልጃቸው አፍንጫዋን በነጠላ ሸፍና ሰላም አለችኝ። ቁንጭር ነው፤ አጭተዋት የነበሩት ሰዎች በዚሁ ምክንያት ቀርተዋል። የታናሿ፣ የስድስት ዓመቷ የሙሉ ፊት ግን እስካሁን ንጹሕ መሰለኝ።

«የማን ልጅ ነዎት?» አሉኝ ወይዘሮ አስካለ።

«የመሐል ሜዳ ነኝ። እናቴ ከበግ ጠጉር ባና እየሠራች ነው ያሳደገችኝ።»

«እንግዲያው የኛው ነዎት» ብለው የገብስ ቆሎ አቀረቡልኝ።

አጎበሩ ከመደቡ በላይ በወግ ተሰቅሏል። ስንሰጣቸው ከነበረው ይልቅ ነጥቷል። አሸተትኩት፤ የመድኃኒቱ ሽታ የለም።

«ታጥቧል እንዴ?»

«መታጠብ ብቻ? ረግጠነዋል እንጂ» አሉ ኮራ ብለው። «ዝንቧ ደቃቃ ናት አላችሁን። ቀዳዳውን ባየው ሰፊ ነው። ባና ሲረገጥ ይጠብቅ የለ? የመንደሩን አጎበር ሁሉ ሰብስቤ፣ በሙቅ ውሃና በእንዶድ ሁለት ቀን ስንረግጥ ዋልን። አልጠበቀልንም። ሽታው ግን ጠፋልን።»

ቆሎው አፌ ውስጥ ቀረ። ቅጹን «ተሰቅሏል» ብዬ ሞልቼ ብሄድ የሚጠይቀኝ አልነበረም፤ አስቤውም ነበር። ሙሉ ልትሰናበተኝ ቀረብ ስትል ግን ግራ ጉንጯ ላይ ሽምብራ የምታክል ቀይ እብጠት አየሁ።

«ትንኝ ነው» አሉ እናቷ ፈጠን ብለው።

«ሊሆን ይችላል። ሳይጠፋ ከሰነበተ ግን መሐል ሜዳ ያምጧት» አልኳቸውና፣ በእንዶዱ የሄደው ሽታ ሳይሆን መድኃኒቱ መሆኑን ነገርኳቸው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «የመንዝ ልጅ አይደሉም እንዴ? አዲስ ባና ሳይረገጥ እንደማይለበስ አያውቁም?»

አውቃለሁ። እናቴ ባና ስትረግጥ ትከሻዬን እያስደገፍኳት ነው ያደግሁት። ያን የገበያ ቀን ግን ሾፌሩ ክላክስ ሲነፋብኝ «ዝንቧ ደቃቃ ናት፣ ስቀሉት» ብዬ፣ እንዳታጥቡት ሳልል መኪናው ላይ ወጣሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን የሚለቅሙት ግን ሌሎች ናቸው። አፈርኩ።

ከቦርሳዬ የራሴን አጎበር አወጣሁ። ባለፈው ሳምንት የተነከረ ነው። «ለሙሉ ይስቀሉላት» አልኳቸው።

ተቀብለው አሸተቱት። ትልቋን ልጃቸውን አዩ፣ ሙሉን አዩ። ከዚያ አጣጥፈው መለሱልኝ፤ እጃቸው ግን ቶሎ አልለቀቀውም።

«ጎረቤቶቼን ያስረገጥኳቸው እኔ ነኝ። የእነሱ ልጆች ባዶ ጨርቅ ሥር እየተኙ የኔን ለብቻዋ አልሸፍንም። ለአርባችንም ሲኖርዎት አብረው ያምጡት።»

ዓርብ፣ መሐል ሜዳ

አርባውንም ቤት ዞርኩ። ሁሉም ሰቅለዋል፣ ሁሉም ረግጠዋል። በእያንዳንዱ መስመር ጎን «ታጥቧል፤ መድኃኒት የለውም» ብዬ ጻፍኩ።

አለቃዬ ቅጹን አገላብጦ አየው። «ይህን የሚጠይቅ ቦታ እኮ የለውም» አለኝ።

«ስለሌለው ነው ጠርዙ ላይ የጻፍኩት።»

መድኃኒት እንዲላክ ደብዳቤ ተጽፏል፤ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም።

ቤቴ ገብቼ ቁልቁለቱ ያሳበጠውን ጉልበቴን በጨው ውሃ አሸሁ። ለሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ከመንገሬ በፊት ምን እንደሚያደርግ መጠየቅ ነበረብኝ፤ በእናቴ ቤት የማውቀውን ነገር ለመማር ይህን ሁሉ መንገድ ሄድኩ። ሚስቴ አጎበሩን ከቦርሳ አውጥታ ልትሰቅልልኝ ስትል ተይው አልኳት። እዚያው እንደታጠፈ ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ይጎድለዋል።