እባቧ ዓይኗን ሳትገልጥ

እትዬ ትሪንጋ ሥራቸው ማየት ነበር። በእኛ ተራራ ላይ ያለችው ቦላ የምንላት ትልቅ እባብ የጣለችው እንቁላል የሰው ዓይን ካላረፈበት፣ የሚፈለፈለው እባብ አድጎ ምንጭ የሚያደርቅ ዘንዶ ይሆናል። የታየው ግን ተራ እባብ ሆኖ ይቀራል። እናቲቱ እንቁላሎቿን ታቅፋ የበረዶውን ወራት ትተኛለች፤ የምትነቃው በሚያዝያ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ልክ ቀትር ላይ ነው፤ ያን ጊዜ መጀመሪያ ያየችውን ሰው ትውጣለች።

የዋሻው አፍ ጠባብ ስለሆነ ሥራው የሴት ነው። እትዬ ትሪንጋ ባላቸው በሞቱ ዓመት ተረከቡት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በደረታቸው እየተሳቡ ገብተው፣ እንቁላሎቹን በሻማ አንድ በአንድ እያዩ «አየሁህ» ይሉ ነበር።

በሃያኛው ዓመት ግን ሳል አስተኝቷቸው ስለሰነበተ የገቡት በጊዮርጊስ ዕለት ጠዋት ነው። ሲመለሱ ትከሻቸው ወጣ፣ ወገባቸው ቀረ። ሲገቡ የነኩት ድንጋይ ተንሸራቶ ጁብሌታቸውን ነክሶ ይዞታል። ጁብሌታ እንደ ደወል የተንዠረገገ የሱፍ ጉርድ ነው፤ ክብደቱ የበግ ያህል ነው። ደጅ የምንጠብቃቸው አምስት ወንዶች ብንጎትት ንቅንቅ አላሉም።

«ይሄ የአይብ ሥራ ነው! ቀንሺ ብዬሽ ነበር» አለ የባላቸው ወንድም ጄሎሽ።

«የአንተን አይብ አይጥ እንኳ አልቀመሰው፣ ስስታም!» አሉ። ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። «ጄሎሽ፣ ትንፋሿ እግሬን እያሞቀው ነው።»

ጥላችን አጥሮ እግራችን ሥር ገብቷል።

«እትዬ፣ ጉርዱን ይፍቱት» አልኳቸው።

«እናንተ ፊት? እዚሁ ትዋጠኝ!»

ቀልድ አልነበረም። ያለ ጁብሌታ በወንድ የታየች ባልቴት ቤት ዳግመኛ እንግዳ አይገባም፤ እንግዳ የማይገባበት ቤት ደግሞ በእኛ ዘንድ መቃብር ነው።

«ባትታዪስ?» አለ ጄሎሽ። ጀርባውን ሰጥቶ ቆቡን ዓይኑ ላይ ደፋ። ሁላችንም ተከተልነው። እኔ አባታችን ሆይን ጀመርኩ። መቀነት ሲፈታ፣ ጨርቅ ሲቀደድ፣ እሳቸው ሲያቃስቱ ሰማሁ፤ ከዚያ ባዶ እግር ድንጋይ ላይ አረፈ።

«ካባህን ወርውርልኝ፤ ዞር ብትል ግን ዓይንህን አወጣዋለሁ!»

ጄሎሽ ካባውን በራሱ ላይ አሳልፎ ወደ ኋላ ወረወረው። ቁልቁል ሮጠን በራችንን ስንቀረቅር ቀትር ሆነ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንዳችንም አልጎደልንም።

በዓመቱ በቀጭን ቀሚስ ገቡ፤ እኛም በሩ ላይ ጀርባችንን ሰጥተን ቆምን። ዛሬም የምናደርገው እንዲሁ ነው። እየሳቁ ወጡ።

«ጁብሌታዬን ጎጆ አድርጋዋለች! እንቁላሎቹ መሐሉ ላይ ተደርድረዋል። እኔን ጀርባዬን ሲያጎብጠኝ የኖረ ልብስ፣ እሷን እንኳ ያሙቃት።»

«ሁሉንም አዩአቸው?» አልኳቸው።

«እያንዳንዱን። እጥፋቱን ሳይቀር ገልጬ።»