የጫጩቶቹን እምብርት ሳላይ የጻፍኩት ወረቀት

አርብ ገበያ እንስሳት ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩት በገበያ ቀን ነው። ኃላፊያችን አቶ ደምሴ ጋዎን፣ ቦቲ ጫማ፣ ቴርሞሜትርና መቀስ አስረክበውኝ በቀጥታ ወደ ግቢው አወጡኝ። ጀርባው የተገጠበ አህያ፣ የሚያነክስ በሬ፣ የሚያስሉ በጎች ተሰልፈዋል። ከመሀላቸው አንዲት ሴት የታመመች ዶሮ በነጠላዋ ሸፍና ቆማለች። ሰው ሳቀባት፤ እኔም ፈገግ አልኩ። አቶ ደምሴ አይተውኝ ኖሮ ከሁሉም በፊት እሷን እንዳስተናግድ አዘዙኝ።

የሥራ መደቤ ረዳት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር። ገበሬው ግን መርፌ የያዘን ሁሉ ዶክተር ነው የሚለው። እኔም ስሙን ለመድኩት። እየቆየሁ ስሄድ ተጠይቆ «አላውቅም» ማለት ያሳፍረኝ ጀመር።

በዘጠነኛው ዓመቴ አምስት ሴቶች ተደራጅተው የአንድ ቀን ጫጩት ማሳደግ ጀመሩ። ጫጩቶቹ የመጡት ራቅ ካለ ከተማ ካለ ማስፈልፈያ፣ ቀዳዳ ባለው ካርቶን ተጭነው ነው። ሴቶቹ ምድጃ ባለባት ክፍል፣ ዙሪያውን ጭድ በተጠቀጠቀበት ሳጥን አኖሯቸውና በተራ መጠበቅ ያዙ። የመጀመሪያው ተራ የእትዬ ዝማም ነበር፤ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ንግግር የማያበዙ ሴት።

በሦስተኛው ቀን የማኅበሩ ሰብሳቢ ብርቄ ደወለችልኝ። ስደርስ ሠላሳ ያህል ሞተዋል። የቀሩት ክንፋቸውን ጥለው ተጠጋግተዋል። በሩ ገርበብ ብሏል፣ ምድጃው ውስጥ ያለው ከሰል አመድ ለብሷል። ከዚያ በላይ አላየሁም። ብርድ ነው አልኩ።

እትዬ ዝማም አንድ ጫጩት በመዳፋቸው ይዘው ጠጋ አሉኝ።

«ከሰሉን አሁን ነው የተውኩት፣ አንቺን ልቀበል ስወጣ። ይልቅ እምብርታቸውን እይው። ከመጡ ጀምሮ እርጥብ ነው፤ አልደረቀም።»

ሳጥኑ ሲቀዘቅዝ ሆዳቸው እንደሚረጥብ ነገርኳቸው። ይህን የትም አልተማርኩትም፤ እዚያው ፈጥሬ ነው የተናገርኩት። ቅጹ ላይ «ምክንያት፦ ብርድ፣ የአያያዝ ጉድለት» ብዬ ፈረምኩ። ብርቄ የክፍሉን ቁልፍ ከእትዬ ዝማም ተቀበለች። እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ብርቄ ራሷ ጠበቀች። ክፍሉ ሞቀ። ጫጩቶቹ ግን መሞታቸውን አላቆሙም። በሰባተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ሬሳቸውን በላስቲክ ይዛልኝ ክሊኒክ መጣች። ጓንት አጠለቅሁና የመጀመሪያውን ከፈትኩ። በዚያ ዕድሜ ጫጩቱ ከእንቁላሉ በሆዱ ይዞት የወጣው አስኳል ተመጦ ሊያልቅ ምንም አይቀረውም። ይኸኛው ግን ሆዱን ሞልቶታል፤ አረንጓዴ ውሃ ሆኖ ይገማል። እምብርቱ አብጦ ጠቁሯል። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚያው። ጫጩቶቹ ተበክለው የመጡት ከማስፈልፈያው ነበር።

ለአቶ ደምሴ ነገርኳቸው። ሰሙኝና በማግስቱ ከዚያው ማስፈልፈያ ጫጩት የጫነ መኪና በእኛ በኩል በስማዳ ወረዳ ወዳሉ አሳዳጊ ሴቶች እንደሚያልፍ ነገሩኝ። መቆም አለበት አልኩ። ከመሳቢያቸው የእኔን ቅጽ አወጡ።

«ፊርማሽ ብርድ ይላል። ምን ብዬ ላስቁመው?»

«ተሳስቻለሁ ብዬ እጽፋለሁ» አልኳቸው።

«አሁኑኑ ጻፊ።»

ጻፍኩ።

አርብ ጠዋት ንፋስ ነበር። መኪናው ገበያተኛውን እየሰነጠቀ መጥቶ ክሊኒኩ አጠገብ ባለው የፍተሻ ኬላ ላይ ቆመ። የጭነቱ አጃቢ የጫጩቶቹን ጤንነት የሚያረጋግጥ ወረቀት አሳየኝ። በዚህ ንፋስ ጥቂት ከቆሙ እንደሚያልቁ፣ ተጠያቂዋም እኔ እንደምሆን ነገረኝ። ልክ ነበር። የእኔ ጥርጣሬ ስህተት ከሆነ ጤነኛ ጫጩቶችን በብርድ የምገድል እኔው ነኝ። ካሳለፍኳቸው ደግሞ የስማዳ ሴቶች ቤት ይገባሉ።

ካርቶኖቹን ምድጃ ወዳነደድንበት የመድኃኒት ክፍል አስገባናቸው። በመንገድ የሞቱትን ለቅሜ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። በአንድ ቀን ጫጩት ሆድ ውስጥ አስኳል መኖሩ የሚጠበቅ ነው፤ ቢጫና ንጹሕ ከሆነ ችግር የለውም። የመጀመሪያውን ስከፍት ንጹሕ ቢጫ አገኘሁ። አጃቢው ሰዓቱን አየ። ሁለተኛውም ንጹሕ ነበር። ሦስተኛውን ስከፍት ያ ሽታ ክፍሉን ሞላው። አራተኛውም፣ አምስተኛውም እንደሱ ሆኑ። አጃቢው አፍንጫውን ይዞ ወጣ። አቶ ደምሴ ጭነቱ እንደማይደርስ ሊነግሩ ስማዳ ደወሉ።

ለያዝናቸው ጫጩቶች መድኃኒት በውሃቸው ሰጠን፤ ያተረፈው ግን ጥቂቱን ነው። ለክልሉ ላቦራቶሪ የላክነው ናሙና ውጤት በኋላ መጣ፦ ኢኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ሲጣራም ማስፈልፈያው የቆሸሸ እንቁላል ሳይለይ ያስገባ፣ ትሪዎቹንም በደንብ ሳያጥብ ደጋግሞ ይጠቀምባቸው ነበር።

ውጤቱን ይዤ እትዬ ዝማም ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር። ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ነገርኳቸው። ከሰፌዱ ቀና ሳይሉ ሰሙኝ።

«ያዋረድሽኝ በሴቶቹ ፊት ነው። እዚያው ተናገሪው» አሉኝ።

በማግስቱ አምስቱን ሰብስቤ ቅጹን አነበብኩላቸው፤ ውሸት መሆኑንም ተናገርኩ። እትዬ ዝማም ገና በመጀመሪያው ቀን ያዩትን እኔ እንዳላየሁ ነገርኳቸው። ብርቄ አልቅሳ ቁልፉን ዘረጋችላቸው። እሳቸው አልተቀበሏትም። አልተቆጡም፣ አልመረቁኝምም። ደህና ዋሉ ብለው ወጡ። ወደ ማኅበሩም አልተመለሱም።

ጡረታ እስክወጣ ከዚያ በኋላ ብዙ ቅጽ ሞልቻለሁ። ለአዲስ ባለሙያ ሁሉ የምነግረው ይህንኑ ነው፦ የሞተውን ሳትከፍቱ ምክንያት አትጻፉ። ገና ካልከፈታችሁት «አልታወቀም» ብላችሁ ፈርሙ።