አሰብና ቸርናውጽ በአንድ ኩሽና

ሌላ ሰው ቃሪያ ሲጠበስ ሲሸተው ይርበዋል፤ እኔ ደሜ ይፈላል። ቅድም ሃቫና ስትሪት ላይ ፓርክ አድርገን ስንወርድ ከአንዱ ሬስቶራንት የኋላ በር ልጣጩ እሳት ላይ የሚያርር የቀይ ፈረንጅ ቃሪያ ሽታ መጥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ተሰነቀረ። አንቺ ደግሞ "ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ የጠቆረው?" አልሽኝ። እሺ፣ ልንገርሽ።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ ዴንቨር፣ ካፒቶል ሂል ሰፈር፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አሮጌ አፓርትመንት፣ አንድ የሮማኒያ ሽማግሌ ትንከባከብ ነበር። ታጥባቸዋለች፣ ታበላቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣቸዋለች። እንግሊዝኛዋ ለሰላምታ እንጂ ለክርክር አይበቃም። ስለዚህ እኔ ከትምህርት ቤት በባስ እየሄድኩ አስተርጓሚ ሆንኩላት። የዚያ ቤት ዋና ሥራ ደግሞ ምን መሰለሽ? ክርክር!

ሽማግሌው የሚኖሩት ከታናሽ እህታቸው ጋር ነበር። የቤቱ አዛዥ እህትየዋ ናቸው፤ ቃሪያ ጠባሿም እሳቸው። ሁለቱንም አንቱ እላለሁ፤ እናቴ "ሰይጣንም ቢሆን በዕድሜ ከበለጠሽ አንቱ ነው" ብላ ነው ያሳደገችኝ። ሁለቱም የተወለዱት ቸርናውጽ በምትባል ከተማ፣ አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ አልጋ ላይ ነው። አዋላጇ እንኳ አንዲት ነበረች።

አገራቸው ግን አንድ አልሆነም። አባታቸው ሲወለዱ ከተማዋ የኦስትሪያ ነበረች። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ከሮማኒያ ጋር ተዋሃደች፤ ሽማግሌው የተወለዱት በዚያ ዘመን ነው። ከዚያ ሶቪየቶች መጥተው ወሰዷት፣ እህትየዋ ተወለዱ። ሮማኒያ መልሳ ያዘቻት፣ ሶቪየቶች እንደገና ቀሟት። ዛሬ የዩክሬን ናት። አባትየው ሮማኒያዊ፣ እናትየዋ ዩክሬናዊት። ሶቪየቶች ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ አባትየው ወንዱን ልጅ ይዘው ወደ ሮማኒያ ሸሹ፤ እናትና ሕፃኗ ቀሩ፤ ድንበሩ ተዘጋ። ወንድምና እህት ደግመው የተያዩት ፀጉራቸው ሸብቶ፣ እዚሁ ዴንቨር ነው።

ተገናኝተው ግን ምን አተረፉ? ጠዋት ማታ ጭቅጭቅ። ሽማግሌው "ኡኒሪያ!" ይላሉ፤ በቋንቋቸው ውህደት ማለት ነው። እህትየዋ ማንኪያውን ድስቱ ላይ እያንኳኩ "ወረራ!" ይላሉ። "እናታችን ፖስታ ቤት ውስጥ በቋንቋዋ ስላወራች በጥፊ ተመታች። ግድግዳው ላይ በሮማኒያኛ ብቻ ተናገሩ ተብሎ ተጽፎ ነበር። ይሄ ነው ውህደት?"

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ! የሩሲያ ትምህርት ቤት የሞላሽን ነው የምትተፊው!"

የሚጣሉት እኛ እንድንሰማ በእንግሊዝኛ ነበር። ዳኛ ፈልገው ነው መሰለኝ። እናቴ ታዲያ "ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው" እያለች ሥራዋን ትሠራለች።

ያንን ሥራ አጥብቃ ትፈልገው ነበር። የተወለደችው አሰብ ነው። አባቷ ወደቡ ላይ ሠርተው አሳደጓት፣ እዚያው ተማረች፣ መንግሥት ሲለወጥ ውጪ ተባለች። እኛ በምንኖርበት አውሮራ ያለ ሀበሻ ሁሉ "የት ነሽ?" ይላታል። "አሰብ" ስትል አንዱ "እንዴ፣ ኤርትራዊት ነሻ!" ይላታል፤ ሌላው "እናንተ እኮ አገራችንን ይዛችሁ ነበር" ይላታል። ወዲያም የለች፣ ወዲህም የለች። ሽማግሌው ግን መጀመሪያ ቀን "አሰብ... ባሕሩ ሙቅ ነው?" ብለው ጠየቋት። በቃ፣ ያቺ ጥያቄ ገዛቻት። በየቀኑ እያጠበቻቸው ስለ ባሕሩ ታወራለች፣ እኔ አስተረጉማለሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ።

እህትየዋ ስልካቸው ላይ ካርታ ፈለጉ። "አሰብ ኤርትራ ነው፤ አንቺ ኢትዮጵያዊት ነኝ ትያለሽ" አሉ። "ወይ ውሸታም ነሽ፣ ወይ ወራሪ።" አላስተረጉምም ብዬ አፌን ዘጋሁ። እናቴ ግን ፊታቸውን አይታ ገባት። "ካርታውን ሲስሉ እኔን ማን አማከረኝ በያቸው" አለች።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሄድን፣ እናቴ ነጠላዋን እንዳጣፋች። ውጭው በረዶ፣ ውስጡ ጭስ። እህትየዋ ቃሪያውን ስቶቩ ላይ ያሳርራሉ፤ የጭስ አላርሙን በፎጣ ጠቅልለውታል። ሽማግሌው እነሱም ኦርቶዶክስ ናቸውና "ቤተ ክርስቲያናችሁ ምን ይባላል?" አሉኝ።

"ተዋሕዶ።"

"ምን ማለት ነው?"

እኔ እቴ፣ ቅኔ ቤት የዋልኩ ይመስል፣ "ዩኒየን" አልኳቸዋ!

ሽማግሌው ከወንበራቸው ሊነሱ ምንም አልቀራቸው። የእናቴን እጅ ሳሙ። "ኡኒሪያ! ሰማሽ? የእነሱ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ኡኒሪያ ነው የሚባለው!" እያሉ ወደ ስቶቩ ጮኹ። እናቴ ምስኪን፣ ሃይማኖቷ የተመሰገነ መስሏት ፈገግ ብላ እጅ ነሳች። እህትየዋ ዞሩ። ፊታቸው ከቃሪያው ይቀላ ነበር።

"ቦርሳሽን ያዢና ውጪ። ልጅሽንም።"

"ምን አሉ?" አለችኝ እናቴ። ነገርኳት። "ኧረ በስመ አብ! የአገር ነገር አይደለም፣ የጌታ ነገር ነው በያቸው። መለኮትና ሥጋ ሳይቀላቀሉ፣ ሳይለያዩ፣ አንድ መሆናቸው ነው በያቸው።"

ጀመርኩ። "ሁለቱ ሳይቀላቀሉ አንድ ሲሆኑ..." ከማለቴ እህትየዋ ጮኹብኝ።

"ሳይቀላቀሉ! እናታችንን የመታትም ይህንኑ ነው ያለው! እኔ ቅልቅል ነኝ! እሱም ቅልቅል ነው!"

ጉድ እኮ ነው። እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። "ሳይለያዩስ? ሳይለያዩ የሚለውን ነግረሻቸዋል?"

"ሳይለያዩም!" አልኩ፣ በንዴት፣ ድንጋይ እንደሚወረውር ሰው።

ቃሪያው እሳቱ ላይ ይንጣጣል። እህትየዋ መቆንጠጫውን አስቀመጡ። "ሳይለያዩ?" አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "እስቲ እሱን ጠይቁት። እናታችን ስትሞት የት ነበር?"

ሽማግሌው ጉልበታቸው ላይ ያለውን ብርድ ልብስ ይደባብሱ ጀመር። እኛን ግን እህትየዋ አልማሩንም። ወጣን፣ በሩ ተዘጋብን።

ኮልፋክስ ላይ ባስ ስንጠብቅ እናቴ አለቀሰች። "ሥራስ ይገኛል" አለች። "ስለ ባሕሩ የሚጠይቀኝ ሰው ነው ያጣሁት።" እኔ አላለቀስኩም፤ እሳደብ ነበር። ኦስትሪያንም፣ ሮማኒያንም፣ ሶቪየትንም፣ ካርታ የሚባለውን ነገር ከነፈጣሪው ሰደብኩት።

በረዶው ሳያባራ እህትየዋ ደወሉ። ሽማግሌው ወድቀዋል፣ ከሌላ ሰው እጅ አልበላም ብለዋል።

"አትሄጂም!" አልኳት። "ውሸታም ብለው አባረውሽ? ክብር የለሽም እንዴ፣ እማ?"

"ዝም በይ። ሽማግሌው ምን አደረጉኝ?"

ሄደች፤ እኔም እየተነጫነጭኩ ተከተልኳት። እህትየዋ በሩን ሲከፍቱ ይቅርታ የለ፣ ሰላምታ የለ፤ በአገጫቸው ወደ መኝታ ቤቱ ጠቆሙ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ኡኒሪያም ወረራም አልተባለም። እናቴ ታጎርሳለች፣ ሽማግሌው እንደ ምንም ይውጣሉ፣ እህትየዋ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ።

እውነቴን ልንገርሽ፣ እኚያን ሴትዮ ዛሬም አልወዳቸውም። እናቴን "የት ነሽ?" ብሎ ያፋጠጠ ሰው ሁሉ የእሳቸው ፊት አለው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አልወዳቸውም።

ሽማግሌው ያረፉ ዕለት ጠዋት ስንደርስ እህትየዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። የወንድማቸውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ቀዝቅዟል። እናቴ ጎንበስ ብላ በቀስታ ልታስለቅቃቸው ስትል ጭምድድ አድርገው ያዙት። ቀና ብለው እኔን አዩኝና በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር አሉኝ።

"ምን አሉ?" አለችኝ እናቴ።

እንደገና ጠየቀችኝ።

"'አባታችን የወሰደው ቀን እጁን ይዤው ነበር፤ እጄ ትንሽ ሆና ነው ያመለጠኝ' አሉ" አልኳት።