ሽምብራዋ የገባችበት ቅርንጫፍ

ከጎርጎራ ወደ ባሕር ዳር በጀልባ ስንመለስ አራት ዓመት ያልሞላት ልጄ የሽምብራ ቆሎ እየበላች ከአባቷ ጋር ትስቅ ነበር። በሳቋ መሀል ትን አላት። ፊቷ ጠቆረ፤ አጥብቃ ሳለች፤ ከዚያ ሳሉ ተወት አደረጋት። አጠገባችን የተቀመጡ እናት "ተመስገን፣ አለፈላት" አሉ። እኔ አላመንሁም። ሽምብራዋን ስትተፋም ስትውጥም አላየሁም።

ባዮሎጂ አስተማሪ ነበርሁ። የአየር ቧንቧን ሰሌዳ ላይ ያልሳልሁበት ዓመት የለም። ከጉሮሮ ቁልቁል ይወርድና ደረት ውስጥ ለሁለት ይከፈላል። ግራው ቅርንጫፍ ጠበብ ብሎ ወደ ጎን ጋደም ይላል፤ ቀኙ ሰፋ ያለና ቀጥ ያለ ነው። ተሳስቶ የገባ ነገር ብዙውን ጊዜ ወደ ቀኝ የሚወድቀው ለዚህ ነው።

ባሕር ዳር ግሽ አባይ ሰፈር ያለው ቤታችን እንደደረስን ልብሷን አውልቄ ጆሮዬን ጀርባዋ ላይ ለጠፍሁ። በግራ በኩል አየሩ ጥርት ብሎ ይገባል። በቀኝ በኩል ያፏጫል፤ ድምፁም ደከም ያለ ነው።

"ሽምብራዋ ቀኝ ሳንባዋ መግቢያ ላይ ናት" አልሁት ባለቤቴን።

"በምን አወቅሽ?"

"እየሰማኋት። ና፣ አንተም ስማ።"

ሰማ። ወዲያው ጫማውን አጠለቀ።

ሆስፒታል የጠረጠርሁትን ስነግረው ሐኪሙ አዳመጣትና ራጅ አስነሣት። ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ፣ "ሽምብራ በራጅ አይታይም" አለኝ። "ግን ቀኙ ሳንባ ተነፍቷል። አየር ይገባል፤ መውጫ አጥቷል። ልክ ነዎት። ማውጫ መሣሪያ ስለሌለን አዲስ አበባ ይውሰዷት።"

ዘመኑ የደርግ ነበርና ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ልጅቷን አይተው፣ "ጉንፋን ይሆናል፤ ትንሽ ቢጠብቁስ?" አሉኝ።

ብዕራቸውን ተቀብዬ ቧንቧውን ከነቅርንጫፎቹ ሳልሁላቸው።

"ሽምብራ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል። ካበጠ ይህን ይዘጋዋል" አልሁና ቀኙን አሳየኋቸው።

ሥዕሉን አዩት። ከዚያ ማኅተማቸውን አነሡ።

አዲስ አበባ ሐኪሙ ልጄን አስተኝቶ፣ በአፏ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ሽምብራዋን በረጅም መቆንጠጫ አወጣት። ከቀኝ ነበር ያገኛት። ልጄ ስትነቃ በሻከረ ድምፅ "አሳዩኝ" አለች። ነርሷ ያበጠችውን ሽምብራ ጥጥ ላይ አድርጋ አመጣችላት። ልጄ አገላብጣ አየቻትና ወደ እኔ ዞረች።

"አሁን ልብላት?"

እኔና አባቷ እኩል "አይሆንም" አልን።