የእቴነሽ ሰካራም ዓሦች

«የኔ ማር፣ ሌንሱ ላይ ዘይት የተውኩት እኔ አይደለሁም። እኔ ሁሌም ጠርጌ ነው የምነሳው። ምናልባት አንቺ ረስተሽው ይሆናል፣ የኔ ቆንጆ።»

ይቺ ሶስና ናት። እንደሷ ለመናገር ከንፈርን አሞጥሙጦ፣ አንገትን ወደ ትከሻ ጣል አድርጎ፣ ቃሉን እንደ ማስቲካ መጎተት ነው። እኔ የሻይ ትሪዬን ይዤ ላብራቶሪው በር ላይ ቆሜያለሁ። እቴነሽ ማይክሮስኮፑን በሁለት እጇ አቅፋ ተቀምጣለች፣ ልጇን ሊነጥቋት የመጡ ይመስል።

«ማርሽም ቆንጆሽም አይደለሁም» አለች። «ትናንት መጨረሻ የተነሳሽው አንቺ ነሽ። ዛሬ ሁሉ ነገር ጭጋግ ለብሶ ነው የሚታየኝ። ሆን ብለሽ ነው።»

«እቴዬ፣ ለምን ሆን ብዬ...»

«እቴዬ አትበይኝ።»

ሻዩን ቀዝቅዞ ነው ያስቀመጥኩላቸው። እንዲህ ያለ ነገር አቋርጦ ሻይ የሚያቀርብ ሰው ካለ እሱ የወሬ ጣዕም አያውቅም።

እቴነሽ እዚሁ አጠገባችን ያለችው የገፋት መንደር ልጅ ናት። አባቷ መሪጌታ ናቸው። ልጅሽን ዩኒቨርሲቲው ቀጠራት፣ ዓሣ እየቀደደች ታስተምራለች ተብሎ ለእናቷ ሲነገር፣ መሪጌታ ከወዲያ ሆነው «ዓሣ መቅደድም ትምህርት ሆነ?» አሉ ይባላል። ቅናቷ ግን ከዩኒቨርሲቲው በፊት ነው የመጣው። ታላቅ እህቷ ስትዳር፣ ሙሽራዋ በቅሎ ላይ ስትወጣ፣ እቴነሽ የወተት ጥርሷ ሳይነቀል «የኔ በቅሎ ከዚህ ትበልጣለች» ብላ መሬት ላይ ተንከባለለች። ይሄን የነገረችኝ እህቷ ራሷ ናት።

ሥራዋን በራሷ አፍ ላውራላችሁ። ጣቷን ቀስራ፣ ተማሪ ፊት የቆመች መስላ ነው የምትናገረው፦ «ዓለሚቱ፣ ዓሣ ውሃን የሚቀምሰው በመተንፈሻው ነው። ጆሮው ሥር ያለው ቀዩ ነገር። ውሃው ከተበከለ እዚያ ያሉት ሴሎች ያብጣሉ፣ ይላጣሉ። እንግዲህ ሰው ታሞ ከመተኛቱ በፊት ዓሣው ይነግረናል ማለት ነው።»

የምታጠናው ወንዝ ከጉና ተራራ ሥር ይነሳና ወደኛ ይወርዳል። ከከተማው በታች ልብስ ይታጠብበታል፣ መኪና ይታጠብበታል፣ ሌላም ሌላም። የታችኛውን ዓሣ ተማሪዎቹ ከድልድዩ ሥር በመረብ ያወጡላታል። ከዚያ ጋር የሚነጻጸረው የላይኛው፣ የንጹሁ ውሃ ዓሣ ነው። እሱን ለማምጣት ሽቅብ በእግር መውጣት አለ።

እና አምና ይቺ ሶስና ከባሕር ዳር መጣች። ያው ወንዝ፣ ያው ዓሣ፣ ያው መተንፈሻ። ከዚያ ደግሞ ካሜራ ያለው አዲስ ማይክሮስኮፕ መጣ፣ ሴሉን ቴሌቪዥን ላይ የሚያሳይ። ኃላፊያቸው ዶክተር አብዱልቃድር መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «ማሽኑ አንድ ነው፣ እናንተ ሁለት ናችሁ። በሴሚናሩ ላይ የተሻለ ሥራ ያሳየች ዓመቱን በሙሉ ትይዘዋለች» አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ እቴነሽ እህል አልረጋላትም። ዳቦዋን ቆርሳ ቆርሳ ለድመቷ ነው የምትሰጠው።

በዓሣውም ትቀና ነበር። እሷ በፊት «እኔ የገፋት ልጅ፣ መረቤን ይዤ ራሴ ነው የምወጣው» እያለች ትኮራ ነበር። ግን መረቡ ዓሣውን ይልጠዋል። የሶስናን ዓሣ የሚያመጡላት የጉናው ጋሼ ሞላ ናቸው፣ ከባልዲው ሲወጣ ቅርፊቱ አንድ ቦታ አልተነካም። እቴነሽ ይሄን አይታ ስንት ቀን ትችለዋለች? ቀስ ብላ ከጋሼ ሞላ ጋር ተነጋገረችና ለሷም ሻይ በማፈላበት በመምህራኑ ላውንጅ ጓሮ በኩል፣ በኔ በር ያመጡላት ጀመር። እኔን «ከአፍሽ ከወጣ ሞቼ ነው» አለችኝ። ከአፌ አልወጣም። ይኸው አሁን በጽሑፍ ነው።

በኋላ ጉድ ተሰማ። ሶስና የላይኛውን ዓሣ ብታየው ሴሉ ከታችኛው ብሷል። ከብት የማይረግጠው ንጹህ ውሃ የሚባለው፣ ከሳሙናው ውሃ የበለጠ ታሟል ማለት ነው። መምህራኑ ሁሉ ላውንጅ ገብተው ስለሱ ብቻ ሆነ ወሬያቸው። እቴነሽ እንጨቱ ክምር ጋ ወስዳኝ አለቀሰች።

«እኔም ያንኑ ነው ያገኘሁት፣ በዚያው ሳምንት። ቀድማኝ ተናገረች። የሷ ፎቶ ደግሞ ያምራል።»

በሴሚናሩ ዋዜማ ጋሼ ሞላ ባልዲያቸውን አስቀምጠው ጓሮዬ ሻይ ይጠጣሉ፣ ያስነጥሳሉ፣ ደግሞ ይጠጣሉ። እቴነሽ መጣች።

«ይማርዎ ጋሼ ሞላ። ጉንፋን ነው?»

«የምን ጉንፋን። ብርብራ ስወቅጥ አፍንጫዬ ገብቶ ነው።»

ልትቀመጥ የነበረችው ሴትዮ በቁሟ ቀረች። «ብርብራ ለምን ወቀጡ?»

«ለዓሣው ነዋ። በምን ይያዝልሽ፣ በጸሎት? ትንሽ ነው የምነሰንሰው። ሰክሮ ሲንሳፈፍ ቶሎ አነሳና ንጹህ ውሃ ውስጥ ስከተው ይነቃል።»

«አንቱ፣ ምነው ሳይነግሩን?»

«ማን ጠየቀኝ? ያልተላጠ ዓሣ አምጣ ነው የተባልኩት። ይኸው፣ የቱ ጋ ተልጧል?»

የብርብራ ፍሬ ዓሣን በመተንፈሻው ገብቶ እንደሚያሰክረው የገፋት ሕፃን ያውቃል። ሴሉን የፈጀው ወንዙ አይደለም፣ የጋሼ ሞላ ሙቀጫ ነው። የሶስናም ግኝት ገደል ገባ፣ የእቴነሽም አብሮ። ፊቷን አየሁት። መጀመሪያ አመድ መሰለ፣ ቀጥሎ የከንፈሯ አንድ ጫፍ ብቻ ፈገግ አለ።

ጋሼ ሞላ ሲሄዱ ስኳሩን እያማሰለች «ዓለሚቱ፣ ዝም ብል ምን ይመጣል?» አለችኝ።

«ማይክሮስኮፑ ለሶስና ይሄዳል።»

«ብናገርስ?»

«ለማንም አይሄድማ።»

«ለማንም» አለች፣ ቃሉን ከረሜላ አድርጋ አፏ ውስጥ እያገላበጠች።

በማግስቱ ጠዋት ዶክተር አብዱልቃድር ጋ ገብታ «የኔ ገና ነው፣ ሶስና ትቅረብ» አለች። እንዲህ ያለ ቸርነት ከእቴነሽ አፍ ሲወጣ ሰምቼ ስለማላውቅ ትሪው ከእጄ ሊያመልጥ ነበር።

አዳራሹ ሞላ። ሶስና ነጭ ጋዋኗን ተኩሳ ለብሳ ሴሎቹን ግድግዳው ላይ አበራቻቸው፣ እንደ ፈንዲሻ የፈነዱ ናቸው። ተጨበጨበ። እቴነሽ እጇን አወጣች።

«አንድ ጥያቄ አለኝ፣ የኔ ማር። እነዚህ ዓሦች የተያዙት በምንድን ነው?»

«ጋሼ ሞላ ናቸው የሚያመጡልኝ... በመረብ ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል» አለች እቴነሽ፣ የሶስናን አነጋገር ከኔ አሳምራ አስመስላ። «በብርብራ ነው። ይሄ የምታሳዪን የብርብራው ሥራ ነው። የጉና ሥር ሰው ከዚህ ወንዝ ይጠጣል። ነገ ሄደን ውሃችሁ መርዝ ነው ልንለው ነበር እኮ።»

እውነቷን ነው። ግን እውነቱን የተናገረችበትን ፊት ብታዩት። ሶስና ጋዋኗን ይዛ ቀረች፣ እኔ እንኳ አዘንኩላት። ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም እቴነሽ ንግሥት ነበረች።

ዶክተር አብዱልቃድር «ሰውየው ይጠሩ» አሉ። ጋሼ ሞላ እንደገና መጥተው ጓሮዬ ነበሩ። ሁለት ባልዲ አንጠልጥለው ባርኔጣቸውን በብብታቸው ይዘው ገቡ፣ ሰዉን ሁሉ እጅ ነሱ፣ ከዚያ ዓይናቸው እቴነሽ ላይ አረፈ።

«መምህርት፣ ያንቺንም ይዤዋለሁ። እንደወትሮው በጓሮ ላስቀምጠው ወይስ ዛሬ እዚህ ይሁን?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሶስና ብቻ አልሳቀችም። ዝቅ ባለ ድምፅ «እቴዬ፣ አንቺም?» አለቻት። እቴነሽን ከሳቁ ይልቅ ያቃጠላት ይሄ ነው።

ዶክተር አብዱልቃድር ማይክሮስኮፑን ቆለፉበትና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። «ብርብራ ያልነካው ዓሣ እስካይ ድረስ ለማንም አይሰጥም» አሉ። ያቺ ከረሜላ እቴነሽ ጉሮሮ ላይ ስትሰነቀር ታየችኝ።

እንግዲህ ዓሣውን የማይልጠው ሰፊው መረብ ለብቻ አይወጠርም። ቅዳሜ ሁለቱ ተያይዘው ወደ ላይ ወጡ፣ እኔም ዳቦና ሻይ ይዤ ተከተልኩ፣ የሚቀርብኝ ነገር አይደለም። የውሃው ቅዝቃዜ አጥንት ይሰብራል። እቴነሽ ወዲህ፣ ሶስና ወዲያ ሆነው መረቡን ወጠሩት። ሶስና የተዋሰችው ቦት ሰፍቷት ትንገዳገዳለች፣ ዓሣው ግን ሁሉ በሷ በኩል ነው የሚገባው።

«ቦታ እንለዋወጥ» አለች እቴነሽ።

ተለዋወጡ። ዓሣው አሁንም ወደ ሶስና።

«እሱም የባሕር ዳር ልጅ ነው መሰለኝ» አለች እቴነሽ።

ሶስና መጀመሪያ ደነገጠች፣ ከዚያ ሳቋ መጣባትና ውሃው ውስጥ ቁጭ አለች። መረቡ ረገበ፣ ግማሹ ዓሣ ሄደ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ይሄን የዳቦው ወረቀት ላይ ስሞነጭር እቴነሽ አየችኝ።

«ምንድን ነው የምትጽፊው?»

«ምንም።»

«ዓሣው በሷ በኩል ገባ ብለሽ ጻፍሽ?»

«የገባው በሷ በኩል ነዋ።»

«ያመለጠውስ በማን በኩል ነው? እሱን ጽፈሻል?»

«ልጽፈው ነበር፣ አቋረጥሽኝ።»

ሶስና ከውሃው ለመነሳት እጇን ዘረጋች። እቴነሽ እጁን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ጎትታ አስነሳቻት።

«ይሄንንም ልትጽፊ ነው» አለችኝ። «በቃ፣ አትጻፊ። ወረቀቱን አስቀምጪና ነይ ይሄን ጫፍ ያዥ። ዓለሚቱ፣ አትጻፊ አልኩሽ።»