ለዚፕ ሠሪው ነፍስ ይማር

ባለቤቴ ከማረፉ በፊት አብረን የሠራነው የመጨረሻ ነገር ትንሽ ናት። እሁድ ጠዋት አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ባለው ቤታችን ውስጥ የቀሚሴን የጀርባ ዚፕ ዘጋልኝና እንደ ልማዱ፣ «ይህን የሠራውን ሰው ነፍሱን ይማር» አለ።

ታክሲ ይነዳ በነበረበት ጊዜ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ያኔ ክሪስታል ሲቲ ከነበረው፣ አዲስ ፈጠራ ከሚመዘገብበት የፓተንት መሥሪያ ቤት ገብቶ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተመዘገቡ ዕቃዎችን ንድፍ ያይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጢሙን ሲላጭም ሆነ በዝናብ የመኪናውን መጥረጊያ ሲያስነሳ፣ ለሠሪው ነፍስ ይማር ሳይል አያልፍም ነበር።

ልጃችን ከሲልቨር ስፕሪንግ ስትመጣ ትስቅበት ነበር።

«አባዬ፣ ዘመድህ ነው እንዴ?»

«ዘመድማ እንዲህ በየቀኑ መች ይረዳኛል!»

ለአርባው ጸሎት ጥቁር ቀሚሴን ስለብስ እጄ ዚፑ ጋ አልደርስ አለኝ። አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰዓቱ ሲደርስ ግን ዚፑ ላይ ረጅም ክር አሰርኩና በትከሻዬ በኩል ስቤ ዘጋሁት። እሱ ቢያይ፣ «ሰው ሳይቀድመን ሄደን እናስመዝግበው» ይለኝ ነበር።

አሁን እሁድ እሁድ ክሩን ስስብ ለሁለቱም ነፍስ ይማር እላለሁ። ከዚያ ነጠላዬን ለብሼ ብቻዬን ወደ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ።